የዕለቱን በዕለቱ

እኔ ያደግሁት ሁለት አንባቢዎች ባሉበት ቤት ነው። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከማንኩሳ ፈቀቅ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነበር። አንደኛው አንባቢ አያቴ ናቸው፤ በልጅነታቸው የኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ዳዊት ደግመው፣ አባታቸው ሲሞቱባቸው ወደ እርሻ የተመለሱ ገበሬ። ሁለተኛዋ እናቴ ናት፤ ፊደል የቆጠረችው ልጆች ከወለደች በኋላ ነው። አያቴ በግዕዝ፣ እናቴ በአማርኛ ያነቡ ነበር። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ዛሬ የተነበበ ቃል ዛሬውኑ ሥራ ላይ መዋል አለበት። አያቴ ይህን ሲሉ “የዕለቱን በዕለቱ” ይሉ ነበር።

አባባ፣ እኛ ልጆች የምንጠራቸው እንዲህ ነው፣ ከመኝታቸው የሚነሡት በዶሮ ጩኸት ነበር። ፊትና እጃቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ማኅደር ዳዊታቸውን ያወጣሉ። የማኅደሩ ማንገቻ በእጅ ብዛት ለስልሷል፤ የብራናው የታችኛው ጠርዝ የጣታቸውን ወዝ ጠጥቶ ጠቁሯል። እኔ ኩራዙን እይዝላቸዋለሁ። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለው፣ እንቅልፍ እየጣለኝ፣ ድምፃቸው ከጋጣው ከሚመጣው የከብት ትንፋሽ ጋር ሲሰማኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ዳዊት በሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። እንዲህ ሲሆን 150ው መዝሙር በየሳምንቱ ይዘለቃል። እርሻ በሚበረታበት ወራት ግን አባባ ሁሉን መድገም አይሆንላቸውም። ያኔ ከዕለቱ ድርሻ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ ደግመው ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ታዲያ ከደገሙት አንዱን ቦታ በአማርኛ ይነግሩኛል። ቀኑን ሙሉ ከበሬዎቹ ኋላ ስንመላለስ ስለዚያ ቃል አንድም ነገር አያነሡም። ማታ እግራቸውን ሳጥባቸው ግን “ጠዋት የነገርሁህን ምን አደረግህበት?” ብለው ይጠይቁኛል። “አስታውሼዋለሁ” የሚለው መልስ አይበቃቸውም ነበር።

በዚህ የቀን ክፍፍል ውስጥ ትልቅ ጥበብ እንዳለ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሰው በገዛ ምርጫው ቢያነብ የሚያጽናናውን እየፈለገ የሚገሥጸውን ያልፋል። በቀን የተከፈለ መጽሐፍ ግን የአንባቢውን ፊት አያይም፤ ተቆጥቶ ለተነሣውም፣ ደስ ብሎት ለተነሣውም የዕለቱን ያቀርባል። ቤተ ክርስቲያንም በግጻዌዋ፣ በዓመቱ የንባብ ሥርዓቷ፣ የምታደርገው ይህንኑ ነው። በክረምቱ መግቢያ፣ ገበሬው ዘሩን በትከሻው ተሸክሞ በሚውልበት ወራት፣ በቅዳሴ የሚነበበውና የሚዘመረው ስለ ዘር፣ ስለ ደመናና ስለ ዝናብ ነው። እግዚአብሔር ምድርን ጎብኝቶ ትልሟን ውኃ እንደሚያጠጣ የሚናገረውን 64ኛውን መዝሙር አባባ በሐምሌ ረቡዕ ሲደግሙት፣ ከደጃፋችን ያለው ትልም እውነትም ውኃ አቁሮ ይታይ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። የጎረቤታችን ወይፈን ሌሊት አጥር ጥሶ ገብቶ፣ ሊያሸት የደረሰ በቆሎአችንን ሲረመርመው አደረ። አባባ ጉዳቱን ያዩት ገና ሳይነጋ፣ ለጸሎት ሲነሡ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ሄደው ሊከሱ ወስነው፣ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ዳዊቱን ከፈቱ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ይፈጥን ነበር። 36ኛው መዝሙር ላይ ሲደርሱ ግን ቀስ አሉ። ይህ መዝሙር በክፉ አድራጊ መበሳጨትና መቆጣት እንደማይገባ፣ ቁጣ ወደ ክፉ ሥራ እንደሚወስድ የሚመክር ነው። ደገሙት። ዳዊቱን አጠፉት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “ተነሥ” አሉኝ።

ወደ ጎረቤቱ ቤት ሄድን። አባባ ስለ ክስ ሳያነሡ፣ አጥሩን አብረው እንዲጠግኑት ብቻ ጠየቁት። ሰውየው ይቅርታ አላለም። “አጥሩ የእርስዎ ነው፤ ደካማ አጥር ያጠረ ራሱ ይጠግን” አላቸው። እኔ ልጅ ሆኜ እንኳ ደሜ ፈላ። አባባ “ደኅና ዋሉ” ብለው ተመለሱ። ያን ቀን ግራርና ቀጋ ስንቆርጥ፣ እሾህ ስንጎትት ዋልን። ማታ ተራዬ ነውና እኔ ጠየቅኋቸው፤ “አባባ፣ ታዲያ ምን ጠቀመን?” አልኋቸው። “መዝሙሩ የተነበበው ለእኔ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም” አሉኝ። ከጎረቤቱ ጋር የነበረው ነገር ወዲያው አልተስተካከለም። ነገር ግን ሸንጎ ሳይቆም፣ ቂም ሳይተከል፣ ልጆቹና እኛ ከብት አብረን እየጠበቅን አደግን።

እናቴ ወደ መጽሐፍ የመጣችው በሌላ መንገድ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። በመንደራችን ትምህርቱ ይሰጥ የነበረው ከሥራ በኋላ ሲሆን፣ ሴቶቹ ሕፃን አዝለው፣ እጃቸው ገና ሊጥ እንደነካው ይመጡ ነበር። የዘመኑ መንግሥት ሃይማኖትን የማይወድ ነበር፤ የመማሪያው ጽሑፍም ስለ አብዮቱና ስለ ምርት ነበር የሚያወራው። እናቴ ግን ፊደሉን እንደያዘች ያነሣችው አጎቴ ከፍኖተ ሰላም ገዝቶ ያመጣውን፣ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን ትርጉም የያዘውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከማቴዎስ ወንጌል ጀመረች። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ፊደል ከፊደል እያጋጠመች ታነባለች። አንዱን ምሳሌ ለመጨረስ ሳምንት ይፈጅባት ነበር። ሳምንት ሙሉ ስለ ዘሪው፣ ሳምንት ሙሉ ስለ መክሊቱ፣ ቡና እየቆላችም፣ እንጀራ እየጋገረችም ታብሰለስለዋለች። ዛሬ በፍጥነት ከሚያነቡ ብዙ ሰዎች ይልቅ እሷ ያነበበችው ጠልቆ የቀረው በዚህ ይመስለኛል።

ቀስ ብሎ ማንበብ ለአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንግዳ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሱት አባ አብርሃም፣ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ የሚሏቸው፣ የጎጃም ሰው ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ፣ አስሊን ከተባለው የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር ተቀምጠው ሥራውን ለመፈጸም 10 ዓመት ወስዶባቸዋል። ቆንስሉ እንደጻፈው በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩ ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋ ነበር፤ ሁለቱ እያንዳንዱን ቁጥር በዝግታና በጥንቃቄ ያነቡ ነበር። አባ አብርሃም የድካማቸውን ፍሬ ታትሞ ሳያዩ በዚያው በካይሮ ዐረፉ። አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እናቴ ይህን ታሪክ አታውቀውም ነበር። ሆኖም የአገሯ ልጅ በካይሮ የሄደበትን መንገድ፣ ቁጥር በቁጥር፣ እሷም በጎጆዋ ውስጥ ሄደችበት።

የእናቴን ንባብ ዋጋ ያየሁት በቡሬ ገበያ ነው። የእኛ አካባቢ የበርበሬ አገር ነው። በሐምሌ ችግኙ ከመደቡ ተነቅሎ ይተከላል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ዛላው ሲቀላ ይለቀማል፤ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። የደረቀ በርበሬ ቀላል ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሻጭ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ውኃ ያርከፈክፍበታል። ዛላው አይሰበርም፣ ሚዛንም ይደፋል፤ ግን የገዛው ሰው ቤት ሲደርስ ይሻግታል። እኛ ልንሄድ ስንል ጎረቤቶቻችን ሲያርከፈክፉ አየሁና “እማ፣ እኛስ?” አልኋት። በዚያ ሳምንት መጽሐፈ ምሳሌ ይዘን ነበር፤ 11ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያለውን፣ እግዚአብሔር ሐሰተኛ ሚዛንን እንደሚጠላ የሚናገረውን ቃል ያነበብሁላት እኔ ነኝ። “ትናንት አንተው አይደለህ ያነበብህልኝ?” አለችና ጆንያውን አሠረችው።

ገበያ ላይ ነጋዴው እጁን ከጆንያው አግብቶ አንድ ዛላ አወጣ። በጣቶቹ ሲጫነው ተሰበረ፤ ፍሬው ተንኮሻኮሸ። “ደርቋል” አለ። አድናቆት መሰለኝ። ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ከጎረቤቶቻችን ያነሰ መዘነ፤ ዋጋው ደግሞ ለሁሉም እኩል በኪሎ ነበር። በዚያ ዓመት ሊገዛልኝ የታሰበው ጫማ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። እናቴ አልሰበከችኝም፤ “እግዚአብሔር ይተካዋል”ም አላለችኝም። ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ገዝተን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። የጎደለው ገንዘብ በኋላም በሌላ በኩል አልመጣልንም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ቃሉ መታዘዝ ሲወራ ሁልጊዜ ትርፍ ስለሚነገር ነው። እናቴ የታዘዘችው ትርፍ እንደሌለው እያወቀች ነበር።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ ደግሞ አርጅታ ፍኖተ ሰላም ከተማ ከእኅቴ ጋር ትኖራለች። ዓይኗ ስለደከመ የምታነብላት የእኅቴ ልጅ ናት። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ በፍልሰታ ጾም፣ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ወደ ከተማዋ ደረሰ። ነሐሴ 7 ቀን እሑድ ጠዋት መሀል ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ዜና ወኪሎች ዘገቡ። ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር የማገኘው ወሬ ሁሉ የተቆራረጠ ነበር። ስልክ ሲሠራልኝ መጀመሪያ ድምፅዋን ስሰማ እንባ አነቀኝ። “እማ፣ እንዴት ከረማችሁ?” አልኋት።

“እግዚአብሔር ይመስገን፤ አለን” አለች። ቀጥላም “ሮሜ 12 ላይ ነበርን። ምን እንደሚያዝዝ ታውቀዋለህ፤ ለቅሶ ስንደርስ ከረምን” አለችኝ። ከእኅቴ ጋር ንፍሮና ቆሎ እያዘጋጁ፣ ልጃቸውን ካጡ እናቶች ጋር ተቀምጠው ሲያለቅሱ ነበር የሰነበቱት። ብዙዎች ከደጅ መውጣት በፈሩበት በዚያ ሰሞን፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጋት ሴት ቤት ለቤት ትዞር ነበር። አባባ በሕይወት ቢኖሩና ማታ ቢጠይቋት የምትመልሰው ነበራት።

ዛሬ ቃሉ ሞልቷል። መጽሐፍ ቅዱስ በየስልኩ ውስጥ አለ፤ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም የሚደርሰኝ ጥቅስ ብዙ ነው፤ በዓመት ሙሉ መጽሐፉን የሚያስጨርስ የንባብ ዕቅድም አለ። ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ ብራና በማኅደር ይዘው በኩራዝ ካነበቡት ሰዎች የበለጠ ዕድል አግኝተናል። የሚያሳስበኝ የማታው ጥያቄ መቅረቱ ነው። ጠዋት ያነበብነውን ቀኑ ሳይመሽ ምን እንዳደረግንበት የሚጠይቀን ሰው በቤታችን የለም፤ እኛም ልጆቻችንን አንጠይቅም።

ስለዚህ አንባቢዬን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ነገ ጠዋት ትንሽ አንብቡ፤ አንድ መዝሙር ወይም አንድ ምሳሌ ይበቃል። የሚያስደስታችሁን አትምረጡ፤ ተራው የደረሰውን ውሰዱ። ያልገባችሁን መምህር ጠይቁ፤ የገባችሁን ግን ለነገ አታሳድሩት። የምትመዝኑ ከሆነ ሚዛናችሁ ላይ፣ የተቀየማችሁ ከሆነ ጎረቤታችሁ ዘንድ፣ ሐዘን ካለ ለቅሶ ቤት አውሉት። ማታ ልጆቻችሁ ፊት ተቀመጡና ጠይቋቸው፤ እነሱም እናንተን እንዲጠይቁ ፍቀዱላቸው። የዕለቱን በዕለቱ የሠራ ሰው፣ መጽሐፉን በዓመት ባይጨርሰውም፣ አንብቦታል።