ስም ሲጠራ

ጥር 2012 ዓ.ም.፣ ቡሬ። የድሮ የክፍል ጓደኛችን ሠርግ ነው። እኔና ባለቤቴ ገና ዳሱ ውስጥ ከመግባታችን ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ጮኸ፦ «አብሰንት! አብሰንት መጣ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ግማሹም ሳቀ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማንን ነው?» አለችኝ።

«እኔን ነው። የድሮ ቀልድ ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ።»

ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆኖናል። ይህን ስም ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

1997 ዓ.ም. ላይ ዘጠነኛ ክፍል ልማር ፍኖተ ሰላም ስገባ የገጠር ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከከተማዋ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ለአራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየን። ዓርብ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ከሰዓት እናቶቻችን የሰጡንን እንጀራና ድርቆሽ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመን እንመለሳለን። እስከ ስምንተኛ ክፍል ስም ሲጠራ «አቤት» ነበር የምንለው። እዚህ ግን ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ስም ሲጠሩ ሁለት ቃላት ይመላለሳሉ፦ «ፕረዘንት» እና «አብሰንት»። የቱ ምን እንደሆነ እንደተምታታብኝ ተራዬ ደረሰ። ብድግ አልኩና በሙሉ ድምፄ «አብሰንት!» አልኩ።

መምህሩም ሳይቀሩ ሳቁ። «አንተ ከሌለህ ታዲያ ማን ነው የሚያወራኝ?» አሉ።

በቃ። አራት ዓመት ሙሉ አብሰንት ሆኜ ተማርኩ። ኳስ ሜዳ ላይ «አብሰንት፣ አቀብል!» ነው። ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣሁ ጊዜ እንኳ «የሌለው ልጅ ሁለተኛ ወጣ» ተባለ። የሚያናድደው ደግሞ ዛሬ የምኖረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰነድ እየተረጎምኩ ነው የቤት ኪራይ የምከፍለው። እነሱ ዘንድ ግን ያ ልጅ አሁንም እንደቆመ ነው፤ አልተቀመጠም፣ አላደገም። የክፍላችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፍቱ ገባሁ። «በመጨረሻ አብሰንት ፕረዘንት ሆነ» የሚለውን አነበብኩና በዚያው ወጣሁ።

ወደ ሠርጉ ስንሄድ መንገዱን ሁሉ ስለ ስም ሳስብ ነበር። ፍኖተ ሰላም ራሷ የድሮ ስሟ ወጀት ነው። የአሁኑ በግእዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ሲሆን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አወጡላት እየተባልን ነው ያደግነው። አያቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ «ወጀት ገበያ ደርሼ መጣሁ» ነበር የሚሉት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ደግሞ ማንኩሳ አለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ የትውልድ ቦታ። በዚያ መጽሐፍ ካሣ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። ማን ነው ትሉ ይሆናል። ጉዱ ካሣ ብላችሁ ግን ወዲያው መጣላችሁ። ሰው ያወጣለት ስም ከአባቱ ስም በልጦ ቀረ። ማንኩሳን ስናልፍ «እኔም እንደሱ ነኝ» ብዬ ለራሴ አዘንኩ፤ እውነት ለመናገር፣ ማዘኑም ደስ ይል ነበር።

ዳሱ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልን። ፊቱን እንዳየሁት ዐወቅሁት።

«ሰኞ! አለህ እንዴ?»

ሳቀ፤ በከንፈሩ ብቻ። ተሳሳምን፣ ተቀመጥን፣ ጠላ ተቀዳልን። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሰንት ሲሉህ ፊትህ ሲለወጥ አየሁት» አለኝ። «እኔም ሰኞ ስትለኝ እንደዚያው ነኝ።»

አፈርኩ። «ልጆቹ ሁሉ ሲሉህ ስሰማ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጆቹማ ካንተ ሰምተው ነው። ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ።»

እኔ? ምንም ትዝ አይለኝም። እሱ ግን የተቀመጥኩበትን ዴስክ ሳይቀር ያስታውሳል። ሰኞ ሰኞ ሁሌ ያረፍድ ነበር፤ ያን ቀን ዝናብ የመታው ከረጢት ተሸክሞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደረሰ። እኔ ከኋላ «ሰኞ ገና አሁን መጣ፣ እኛ ማክሰኞ ላይ ነን!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አንተን አብሰንት ያለህ ሰው አልነበረም» አለኝ።

«ለምን እንደማረፍድ ግን ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ጠይቄውም አላውቅም።

«እናቴ ዓይኗን ታማ ነበር። እኅት የለኝም። ስንቄን ራሴ ነበርኩ የምጋግረው። ሰው እንዳያየኝ ሌሊት ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቼ እጋግርና ከዚያ ነው መንገድ የምጀምረው።»

በእኛ ገጠር ምጣድ ላይ የተቀመጠ ወንድ ልጅ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። «ምክንያቱ ከሚታወቅ ሰኞ መባል ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ» አለ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ እንዴት ረሳሁት እያልኩ ሳነብ አንድ ጥናት አገኘሁ። ሃሪ ባህሪክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። 99 የኮሌጅ ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸውን በቃላቸው እንዲናገሩ ተደረገና ከትምህርት ማስረጃቸው ጋር ተመሳከረ። «ኤ» ካገኙባቸው ውጤቶች 89 ከመቶውን በትክክል አስታወሱ፤ «ዲ» ካገኙባቸው ግን 29 ከመቶውን ብቻ። የተሳሳቱትም በአብዛኛው ወደ ላይ ነው። እኔም የራሴን «ዲ» ነው የረሳሁት። ተበዳይነት ዝቅተኛ ውጤት ይመስላል እንጂ፣ ስለ ራስ ለማውራት ሲሆን «ኤ» ነው። የተሳቀብኝን ቀን ከነቃሉ ይዤ፣ ያሳቅሁበትን ቀን ጣልኩት።

የድሮ ጓደኞቼ ስለ እኔ የሚሉት እኮ ውሸት አይደለም። አብሰንት ብያለሁ። የሚያመኝ ያንን ብቻ መያዛቸው ነው፤ ከአራት ዓመት አንዲት ደቂቃ። እኔ ስለ እሱ የያዝኩት ግን ከዚያም ያነሰ ነበር፦ አንድ ቃል፤ እናት የሌለችበት፣ ምጣድ የሌለበት፣ የሌሊት መንገድ የሌለበት። ሌሎች በሚያስታውሱኝ መንገድ ላይ ሥልጣን የለኝም። እኔ ሌላውን በማስታውስበት ላይ ግን አለኝ።

ያን ማታ ይህን ሁሉ ለማለት አልቻልኩም። «ይቅርታ» ብቻ አልኩት።

«ይሁን» አለ። ይሁን ማለት ይቅር አልኩህ ማለት ይሁን፣ ተወው ማለት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ልንለያይ ስንል ስልክ ተለዋወጥን። የእሱን ቁጥር ከነአባቱ ስም መዘገብኩ፤ የአባቱን ስም ጠይቄው ነው ያወቅሁት። እሱ ሲመዘግብ ጣቱ «አብሰ» ላይ ደርሶ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ልቀይረው?»

«ተወው» አልኩት።

በማግሥቱ መኪናው ማንኩሳን ሲያልፍ ባለቤቴ ቃሌን አስታወሰችኝ። «እህ፣ አብሰንት? ንገረኛ!»

ታሪኩን ከሰኞ ጀመርኩላት።