ውሃው በማን ስም ነው?

ኢቡን መጀመሪያ ያየኋቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መስከረም ላይ፣ የኢንዶኔዥያ መንግሥት በሰጠኝ ነፃ የትምህርት ዕድል ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሠራ ዮግያካርታ ከተማ ከገባሁ ስድስተኛ ቀኔ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለው የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለኝ፣ አንዲት የክፍሌ ልጅ በሞተር ሳይክሏ አፈናጥጣ ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለች መንደር ወሰደችኝ። ከዋናው መንገድ ታጥፈን ብዙም ሳንሄድ ሱቁም ጫጫታውም ጠፋና ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ ሆነ። የቤቱ ባለቤት የት እንዳሉ ስንጠይቅ አንድ ልጅ በአገጩ ወደ ማሳው ጠቆመን። ሾጣጣ የቀርከሃ ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ ጎንበስ ብለው የሩዝ ችግኝ ይተክላሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ሳቁና እጃቸውን እዚያው ማሳው ውሃ ውስጥ ታጠቡ።

ሁለት ዓመት እሳቸው ቤት ኖርኩ። “ኢቡ” እናት ማለት ነው፤ እኛ “እማማ” እንደምንለው ለማንኛዋም ትልቅ ሴት ይባላል። እሳቸው ደግሞ በጃቫኛ “ንዱክ” ይሉኛል፤ ልጄ እንደማለት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የምጽፈው የቤተሰብ ጉዳይ ነውና።

መንደሩን ለመልመድ ጊዜ አልወሰደብኝም። አሪሳን የሚሉት አለ፤ ቁርጥ የእኛ ዕቁብ ነው፣ ዕጣው ሳይቀር። ጎቶንግ ሮዮንግ የሚሉት ደግሞ ደቦ ነው። በጣም የወደድኩት ግን የሌሊት ጥበቃውን ነው። ወጣቶች በየተራ ሌሊቱን መንደሩን ሲዞሩ፣ በየቤቱ ደጃፍ ላይ ከተንጠለጠለች ትንሽ ጣሳ ውስጥ ቆንጠር ያለ ሩዝ ይሰበስባሉ። የተጠራቀመው ተሸጦ ለመንደሩ የጋራ ሥራ ይውላል። እኔም የራሴን ጣሳ ጠይቄ ሰቀልኩ። ኢቡ በዚህ ለሳምንት ሲስቁ ከረሙ።

ማሳውን የሚያጠጣው ውሃ የሚመጣው ሰሎካን ማታራም ከሚባል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ካለው ቦይ ነው። ቦዩ የተቆፈረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች አገሩን ይዘው ሳሉ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ጃፓኖች ሰውን እያፈሱ ሩቅ ቦታ ለጉልበት ሥራ ሲያግዙ የዮግያካርታው ሱልጣን፣ ዘጠነኛው ሃመንግኩቡወኖ፣ “አገሬ ደረቅ ነው፤ ሩዝ ከፈለጋችሁ ሕዝቤ እዚሁ ቦይ ይቆፍር” ብለው ሰውን አስቀሩት። ኢቡ አባታቸው ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ስለዚያ ውሃ ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

የማሳው ስፋት ሲነገረኝ አላመንኩም ነበር። ሁሉም አንድ ላይ 1,800 ካሬ ሜትር! ጃቫ ላይ ግን አብዛኛው ገበሬ ከግማሽ ሄክታር በታች ነው የሚያርሰው፤ ውሃው ካልተቋረጠ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጨዳል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

“መሬቱ የራሳቸው ነው? ቢፈልጉ መሸጥ ይችላሉ?”

“ይችላሉ።”

“የመንግሥት አይደለም?”

“አይደለም እማዬ።”

ዝም አለች። “ታዲያ ልጆቹ እንዴት ሰላም ሆኑ?” አለችኝ።

እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት ኢንዶኔዥያዊ ዜጋ መሬቱን ሙሉ በሙሉ የግሉ ማድረግ፣ መሸጥና ማውረስ ይችላል። (ጎረቤቶቼ “ለምን አንድ ቁራሽ አትገዢም?” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ለውጭ ሰው እንዲህ ያለው ባለቤትነት አይፈቀድም።) የኢቡ ማሳ ግን ካርታ አልነበረውም። ስሙ የሚገኘው ሌተር ሴ በሚባለው የመንደሩ አሮጌ መዝገብ ላይ ነው፤ ያውም በሟቹ አማታቸው ስም። ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ባለፋቸው ሰው ስም ግብር ይከፈል ነበር፤ ማንም ግድ አላለውም።

በ2017 መንግሥት በመላ አገሪቱ መሬትን ሁሉ ለመመዝገብ ትልቅ ዘመቻ ጀመረ። መንደራችንም ቀያሾች መጡ፤ ችካል ተቸከለ። “በማን ስም ይሁን?” የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ገባ። ሰላምታው ሁሉ ሳይቀር ተለወጠ፤ “በላችሁ?” መባሉ ቀርቶ “ተስማማችሁ?” ሆነ።

የኢቡ ልጆች ሦስት ናቸው። ታላቁ ጃካርታ አጠገብ ፋብሪካ ይሠራል። መካከለኛዋ አስተማሪ ናት፤ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ትንሹ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። ያን ዓመት ለዒድ አልፈጥር ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ለዒድ ሚሊዮኖች ከየከተማው ወደ ትውልድ መንደራቸው ይጎርፋሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ኢቡ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ጃስሚን ያለበት ጣፋጭ ሻይ ቀረበ። የመንደሩ ሽማግሌም ተጠርተዋል። እኔ ልወጣ ስል “ቁጭ በይ ንዱክ፤ አንቺም የቤቱ ልጅ ነሽ” አሉኝ።

ጃቫዎች ውርስን በሁለት መንገድ ያያሉ። አንደኛው ለሁሉም እኩል ማካፈል ነው። ሌላኛው ከእስልምናው ሥርዓት ጋር የሚገጥመው ነው፤ ወንድ በትከሻው በሚያነግተው እንጨት ሁለት ቅርጫት ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ ታዝላለች፤ ስለዚህ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። ሽማግሌው ይህንኑ አስታወሱ። ኢቡ በአክብሮት አዳመጡና፣ “እኔ በጀርባዬ ያዘልኩት እነዚህን ሦስቱን ነው፤ አንዳቸውም ከሌላው አልቀለሉኝም” አሉ። ሽማግሌው ሳቁ። 600፣ 600፣ 600 ሆነ። ለመንገድ የሚቀርበው ለታላቁ ተሰጠ፤ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረውና ዋጋ ያለው ቦታ ይድረሰው ተባለ። የመሃሉ ለትንሹ፣ የታችኛው ለሴቷ ሆነ። መኖሪያ ቤቱ ደግሞ ኢቡን የምትጦረው እሷ ስለሆነች ለእሷ። ሁሉም ፈረሙ። ታላቁ የእናቱን እጅ ስሞ አለቀሰ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ ሳይናዘዝ ነው የሞተው። አራት ነን፤ ግቢውን የተካፈልነው ከብዙ ክርክር በኋላ በአጥር ነው። አጥሩ ሲታጠር የውሃ ቆጣሪው በታላቅ ወንድሜ በኩል ቀረ። እናቴ ጀሪካን ይዛ የልጇን በር የምታንኳኳበት ጊዜ ነበር። እሱ ከለከላት አልልም፤ ግን ማንኳኳት ነበረባት። ይህ ሁሉ የመጣው አባታችን በሕይወት እያለ ባለመናገሩ ነው ብዬ አምን ነበር። ኢቡን ሳይ፣ በቃ ትክክለኛው እንዲህ ነው አልኩ።

በ2023 ለሥራ ጃካርታ ስሄድ ሦስት ቀን ተርፎኝ በባቡር ወደ ዮግያካርታ ወረድኩ። መታጠፊያው ጠፋኝ። ወደ ሶሎ የሚሄደው የክፍያ መንገድ እየተሠራ ነው፤ የኮንክሪት ምሰሶዎቹ ከኮኮነት ዛፎቹ በላይ ቆመዋል። ከማሳው የተረፈው ዳር ዳሩን ካፌ ተሠርቶበታል። አንድ እግሩን ጭቃ ውስጥ የማያስገባ ሰው ሩዝ እያየ ቡና ይጠጣል። የእርሻ መሬትን ከግንባታ የሚጠብቅ ሕግ ከወጣ ቆይቷል፤ ማሳው ግን ቤት ያበቅላል።

ኢቡ አርጅተዋል፤ ሳቃቸው ግን ያው ነው። አረንጓዴ ሽፋን ያላቸውን የሴት ልጃቸውን ሰርተፍኬቶች አውጥተው አሳዩኝ። ወሰኑ፣ ካሬ ሜትሩ፣ ስሙ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ወደ ማሳው ወሰዱኝ።

ታላቁ በ2019 ሸጦታል። አልፈርድበትም፤ ያገኘውን ገንዘብ ዕድሜ ልኩን ሩዝ ቢያመርት አያገኘውም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የተከራየ ሰው የራሱን ቤት ገዛበት። ገንቢው ከጎረቤት ማሳ ጋር አቀላቅሎ አሥራ አራት አንድ ዓይነት ቤቶች ሠራ፤ ዙሪያውን በግንብ አጠረ፤ በሩ ላይ ዘብ አቆመ። ትንሹ በድርሻው ላይ ለተማሪ የሚከራዩ ስምንት ክፍሎች ሠርቷል፤ መስኮቶቹ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ከታች የቀረው የልጅቷ ማሳ ነው።

ውሃው ይመጣ የነበረው በታላቁ ማሳ በኩል ነው። በመጀመሪያ ከላይ ይጠግባል፣ ከዚያ ወደ መሃሉ፣ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። አሁን የቦዩ ቅርንጫፍ በግንቡ ውስጥ በቤቶቹ ጓሮ ያልፋል። ሲፈልግ ይመጣል፤ ሲመጣም የሳሙና አረፋና ላስቲክ ይዞ ነው። ዙሪያው ቤት ሲሆን በአካባቢው ያለ አይጥ ሁሉ ያቺን አንድ ማሳ ያውቃታል። ባለፈው ወቅት ልጅቷ ሩዙን ትታ ኦቾሎኒ ዘርታ ነበር። ደላሎች በሳምንት ሁለቴ ይደውላሉ። “አልሸጥም” ትላለች፤ ግን እንደ በፊቱ ጮክ ብላ አይደለም።

“ማንም ክፉ አልሠራም፤” አሉኝ ኢቡ የማሳው ድንበር ላይ ቁጢጥ ብለው። “ሦስቱንም እኩል ለካሁ። መሬቱ በማን ስም ይሁን ብለው ጠየቁኝ። ውሃው በማን ስም ይሁን ያለኝ ግን የለም፤ እኔም አላሰብኩትም። መቼም አንድ ቤተሰብ ሳለን ውሃ ይከፈላል ብሎ ማን ያስባል?”

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። በእሳቸው ሳይሆን በራሴ። ስንት ዓመት ሙሉ በሄድኩበት ሁሉ፣ ኢቡ እንዳደረጉት አድርጉ እያልኩ ስሰብክ ነበር። ያን ዕለት ማታ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩለት። ስለ ቆጣሪ አላነሳንም፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት አወራን። በስልክ ከተነጋገርን ሦስት ዓመት አልፎን ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ኢቡ ዶማቸውን በትከሻቸው አድርገው ሲወጡ ደረስኩባቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ይሄዳሉ አለችኝ ልጃቸው። የግቢው በር ላይ ያለው ዘብ የመንደሩ ልጅ ነው፤ ሲወለድ ገላውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ብድግ ብሎ እጅ ነሳቸው፣ ግራ ቀኝ አየና በሩን ከፈተላቸው። እኔና ልጅቷ በግንቡ ዙሪያ ዞረን ወደ ታችኛው ማሳ ወረድን። ሱሪዋን ጠቅልላ ውሃው በሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ቆመች። ከግንቡ ማዶ ዶማው ድንጋይ ሲነካ፣ ኢቡም እያጉረመረሙ የሆነ ነገር ሲጎትቱ ይሰማናል። አሮጌ ነጠላ ጫማ በግንቡ ላይ ተወርውሮ እግራችን ሥር ወደቀ፤ ቀጥሎም የሕፃን ዳይፐር።

“ደረሰ?” አሉ ጮክ ብለው።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቀዳዳውን በእጇ ዳሰሰች።

“ገና ነው ኢቡ!”