ስለ አንቴና ኬብል ማያያዣ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሬዲዮ ዕቃ ምን አግብቶት ይጽፋል የምትሉ ወንድሞችና እኅቶች ትኖራላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ከስድስት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባለውም የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጣቢያ የሚገኘው በዚያው በቴክኖሎጂው ግቢ ነው። በኢ ቲ የሚጀምር የጥሪ ምልክት በአየር ላይ እምብዛም ስለማይሰማ፣ አንድ ጊዜ የጠራ እንደ ሆነ ከየአገሩ ለመመለስ የሚሻማው ብዙ ነው። ስለዚህ ጠርቶ መልስ ማጣት ለእንዲህ ያለው ሰው ቀላል ኀዘን አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ፈቃድ ያለው ባልንጀራዬ ይኸው ደረሰበት። በ14 ሜጋኸርዝ ይጠራል፣ ይጠራል፤ ማንም አይመልስም። የተመላሽ ኃይል መለኪያው ግን ሁሉ ደኅና ነው ይላል። ሬዲዮው ሞቷል ብሎ ሊሸጠው ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ጣራ ላይ ወጥተን በአንቴናው በኩል ያለውን ማያያዣ ስንፈታው ውኃ ጠብ አለ፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው የመዳብ ሽቦም አረንጓዴ ሆኗል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኃይሉ በእርጥቡ ኬብል ውስጥ ሲያልፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከአንቴናው የሚመለሰውም ትራፊ በመንገድ ይቀራል፤ መለኪያውም ተመላሽ ባለማየቱ በደኅንነት ይመሰክራል። ሐሰተኛ ምስክር ይሉሃል ይህ ነው!

ያ ማያያዣ ፒ ኤል 259 የሚባለው ነበር፤ ሴቴው ኤስ ኦ 239 ይባላል። በአብዛኛው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጀርባ ላይ ያለው እርሱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ሲወጣ «ዩ ኤች ኤፍ» የሚል ስም ተሰጠው፤ በዚያ ዘመን ከ30 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ እጅግ ከፍተኛ ይባል ነበርና። ዛሬ ስሙ የሚያመለክተው ሞገድ ከ300 ሜጋኸርዝ ሲጀምር፣ ማያያዣው ደግሞ እዚያው ገደማ ሥራው ይበላሻል። ስምና ግብር እንዲህ የተለያየበት ዕቃ ብዙ አላየሁም። ለ14 ሜጋኸርዝ ግን ምንም አይወጣለትም፤ ጉድለቱ ዝናብ አለመከልከሉ ነው።

መርካቶ ገብታችሁ ስትገዙ በመብለጭለጩ አትታለሉ። እጅግ የሚያበራው ብዙውን ጊዜ ኒኬል የተቀባ ነው፤ ኒኬል ደግሞ ብየዳ በቀላሉ አይቀበልም። ብር የተቀባው ጠቆር ቢልም እርሱን ምረጡ። ከዚያ መካከሉን ተመልከቱ፤ ነጭና ለስላሳ ቴፍሎን ከሆነ የመበየጃውን ሙቀት ይችላል፤ ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ይቀልጥና የመካከሉ እሾህ ይዘማል። ሴቴውንም ወንዴ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ ጥርሱ አጥብቆ ካልያዘ ለባለሱቁ መልሱለት። ባለሱቁ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ለጣራ ላይ ግን እኔ ኤን የሚባለውን እመርጣለሁ። ውስጡ የጎማ ቀለበት ስላለው ውኃ ይከለክላል፤ እስከ 11 ጊጋኸርዝም ይሠራል። ባልንጀራዬ ዋጋው ተወደደ ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፤ ከአንድ ሬዲዮ ዋጋ ጋር አስተያየው አልኩት። ለመፈተሻና ቶሎ ቶሎ ለሚነቀል ዕቃ ደግሞ ቢ ኤን ሲ አለ፤ ሩብ ዙር አዙሮ መንቀል ነው። አንዳንዶች ፊደሎቹን ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ያያይዟቸዋል፤ እውነተኛው ግን የአቆላለፉ ዓይነትና የሁለቱ ፈጣሪዎች፣ የኒልና የኮንሰልማን፣ ስም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በየሱቁ የሞላው የዲሽ ኬብል 75 ኦም ሲሆን ሬዲዮው የሚፈልገው 50 ኦም ነው። ኤን ማያያዣም በሁለቱም ዓይነት ይሠራል፤ የ50ውን ወንዴ በ75ቱ ሴቴ ውስጥ ያስገባ ሰው፣ እሾሁ ወፍራም ስለ ሆነ፣ ሴቴውን ይሰብራል።

ባልንጀራዬ አሁን ኤን ገጥሞ፣ በላዩ ተለጥጦ በራሱ ላይ የሚዋሐደውን የጎማ ናስትሮ ጠቅልሎበታል። ኬብሉንም በመስኮቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል አድርጎ አንጠልጥሎታል፤ ውኃው ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ክፍሉ አይዘልቅም።