የበርሊንጉየር የመጨረሻ ንግግር

የኤንሪኮ በርሊንጉየርን የፓዶቫ ንግግር ቪዲዮ ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁት። ጁን 7 ቀን 1984 እ.ኤ.አ. ነው። አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ፣ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ ንግግሩን ጨረሰ። ሕዝቡ ይብቃህ ቢለውም አልሰማም። ከአራት ቀን በኋላ አረፈ።

የጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲን ከ1972 ጀምሮ መርቷል፤ ከሞስኮም አርቆታል። በ1976 ምርጫ ከመቶ 34 ድምፅ አግኝቷል። ከገዢዎቹ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ጋር አብሮ ለመሥራት የሞከረው «ታሪካዊ ስምምነት» ግን አልሰመረለትም፤ ለኔ ከመነሻውም የሚሰምር አይመስለኝም።

ይበልጥ የሚገርመኝ አልሚራንቴ ነው። የኒዮፋሽስቶቹ መሪ፣ የዕድሜ ልክ ባላንጣው፣ አስከሬኑን ሊሰናበት ኮሙኒስቶቹ ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣ! ከቀብሩ አራት ቀን በኋላ ደግሞ የበርሊንጉየር ፓርቲ በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ክርስቲያን ዴሞክራቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደመ። የሐዘን ድምፅ ነው የሚሉ አሉ። ይሁና።