«ለራስህ ቤት ነው ወይስ ለሰው?»

ወዳጆቼ፣ በዚህ እትም ስለ ፕላስቲክ ቱቦ ልጽፍላችሁ ነው። ከገረማችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ቱቦው በእናቴ ግቢ አንድ ክንድ ያህል መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ቀብሬ ነበር።

አምቦ ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ውሃችንን ነው። ጋዝ ያለው ውሃ የትም ይታሸግ የት ብዙዎች «አምቦ» እያሉ ይጠሩታል። እናቴ ግን በዚችው አምቦ ከሃያ ዓመት በላይ ውሃ በጀሪካን ስታመላልስ ኖራለች፤ መጀመሪያ ከቦኖ፣ በኋላ ከጎረቤት እየገዛች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ቤቷን ልታድስ ወሰነች። ግድግዳው ሊለሰን፣ ወጥ ቤቱ ላቫንዲኖ ሊገባለት፣ ከሁሉ በፊት ግን ውሃ ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ሊሳብ። «አንተ ተምረሃል፣ ዕቃውን አንተ ግዛው» ብላ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችኝ።

ወደ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ስገባ ዝርዝሩ በኪሴ ነበር፦ 60 ሜትር ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጥቁር ጥቅል ቱቦ፣ መገጣጠሚያዎች፣ መዝጊያ፣ ቴፍሎን፣ የብረት መጋዝና ሁለት የቧንቧ መፍቻ። ሻጩ ሁለት ዓይነት ጥቅል አወጣ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም 25። ይህ ቁጥር የሚለካው በውጭ ስፋቱ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ መገጣጠሚያ ይገባሉ። ልዩነታቸው የግድግዳቸው ውፍረት ነው። በአንደኛው ላይ «ፒኤን 16» የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ታትሟል፤ 16 ባር ግፊት ይችላል ማለት ነው። አንድ ባር ውሃን ወደ 10 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚያወጣ ኃይል ነው። የሁለተኛው ጽሑፍ ደብዝዟል፤ ውስጡ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ጫፉን በሁለት ጣት ሲጫኑት ይጨፈለቃል። ዋጋው ግን ርካሽ ነው።

ሻጩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ለራስህ ቤት ነው ወይስ ለሰው?»

«ለእናቴ ነው» አልኩት። እጁን በወፍራሙ ላይ አሳረፈ። እኔ ግን ቀጭኑን አስቆረጥኩ። 1,400 ብር ተረፈኝ። በዚያው ወር ጓደኛዬ ሊያገባ ነበር፣ እኔም ሚዜ ነበርኩ፤ ለሱፍ የጎደለኝ ልክ ያን ያህል ነበር። እናቴን «ገንዘቡ ልክ በቃ» አልኳት።

ቆፍረን ቀበርነው። ውሃው ሲመጣ እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች፤ ጸሎት ተደረገ። በዚያው እሑድ በወጣቶች ኅብረት ያስተማርኩት በጥቂቱ ስለ መታመን ነበር። «አሜን» ያሉት ወጣቶች ከልባቸው ነበር፤ የዋሸው አስተማሪው ነው።

ክረምት ገባ። በክረምት መሬቱ ሁሉ እርጥብ ነውና ማንም ምንም አላየም። ጥቅምት ላይ ግን ሌላው ግቢ ሲደርቅ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለው ጭቃ እንደሆነ ቀረ። የውሃ ክፍያው ናረ፤ ከቆጣሪው ወዲህ የፈሰሰው ሁሉ የቤቱ ባለቤት ዕዳ ነው። አዲስ የተለሰነው የጭቃ ግድግዳም ከሥሩ ይፈረፈር ጀመር። ስንቆፍር ቱቦው በታጠፈበት ላይ ተሰንጥቆ አገኘነው። ሌሊት ሰው ሁሉ ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ቀጭን ቱቦ በብዛት የሚፈተነው ማንም በማያየው ሰዓት ነው።

እናቴ ስንጥቁን አይታ «ልጄ፣ ሻጩ አታሎሃል። ነገ ሄጄ አነጋግረዋለሁ» አለች።

ወዳጆቼ፣ ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ጥፋቱ በሻጩ ላይ ያርፋል፣ እኔም የተታለልኩ የዋህ ልጅ እሆናለሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኢያሱ 7 ላይ ያለው አካን፣ የወሰደውን በድንኳኑ ውስጥ መሬት ቆፍሮ የደበቀው ሰው፣ ከፊቴ አልጠፋ አለ። በልጅነቴ ከታሪኩ የሚታየኝ ቅጣቱ ነበር። ያን ሌሊት የታየኝ ሌላ ነው፤ አካን ቀበረ፣ በጋይ የወደቁት ግን ምንም የማያውቁ 36 ሰዎች ነበሩ።

ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆምኩ። «እማዬ፣ ሻጩ አላታለለኝም። ወፍራሙን አሳይቶኝ ነበር» አልኳት። ስለ ሱፉም ነገርኳት። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ሱፉስ አምሮብህ ነበር» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ይቅር አለችኝ፤ ይሁን እንጂ ይቅርታዋ ቱቦውን አልጠገነውም። ዘኬዎስ በጌታ ፊት የተነሣው ሊመልስ ቃል እየገባ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። እኔም ለሁለት ወር ከደመወዜ እየቆጠብኩ ወፍራሙን ከዚያው ሻጭ ገዛሁ፤ ጉድጓዱን ራሴ ቆፈርኩ። በእነዚያ ሁለት ወራት እናቴ እንደገና ጀሪካን አንሥታለች። ያን ማየት የንስሐዬ ከባዱ ክፍል ነበር። ለኅብረቱ ወጣቶችም ያን እሑድ ምን ለብሼ እንዳስተማርኳቸው ተናገርኩ።

እናንተንም አንድ ቀን ወላጆቻችሁ «አንተ ግዛው፣ አንቺ ግዢው» ይሏችኋልና የተማርኩትን ልንገራችሁ። የቱቦውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጫፉንም ተመልከቱ። ስትቆርጡ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጫፉን ካላለሳለሳችሁት የመገጣጠሚያውን ጎማ ይቀዳል። ቴፍሎን የሚጠመጠመው በጥርስ ላይ ብቻ ነው። ቱቦውን በኃይል አትጠፉት፤ ጠባብ መታጠፊያ ካለ የማዕዘን መገጣጠሚያ ግዙ። ለቤት ውስጥ ፒፒአር ከሆነ ማሽኑ 260 ዲግሪ ይሙቅ፤ ባለ 20ው 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱ 7 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ካጋጠማችሁ በኋላ አታሽከርክሩት። ከሁሉ በላይ፣ ውሃ ሞልታችሁ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሳታዩ አፈር አትመልሱ።

ይህን ታሪክ በጉደር ስናገር አንድ ወጣት «ወንድም፣ 1,400 ብር እኮ ነው» አለኝ። አዎ፣ ያን ያህል ነው። እኔን ለመግዛት የበቃው ዋጋ እርሱ ነበር።

በቤታችሁ የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። ሁሉ ተዘግቶ እየዞረ ከሆነ፣ ባይታያችሁም የሚፈስ አለ። ዳዊት በመዝሙር 139 መጨረሻ እግዚአብሔር ልቡን እንዲመረምረው ለመነ። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ሁሉን ዘግታችሁ በጌታ ፊት ቁጭ በሉ። የሚዞር ነገር ካገኛችሁ ክረምት እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ቆፍሩት።

ጌታ ይባርካችሁ።