የማዕድ ዕቃና ጨዋታ

«ዕቃ ለሥራ ነው እንጂ ለመጫወቻ አይደለም» የሚለው የአያቴ ቃል በቤታችን እንደ ሕግ ይቆጠራል። እኔ ግን በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን፥ ሰውን ለማሣቅ ጭምር ስለተሠሩ የማዕድ ዕቃዎች ጥቂት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ፤ አያቴም ሲነበብላቸው እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሰሜን ኢጣልያ ኦሜኛ በምትባል ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. የተቋቋመ አሌሲ የሚባል የቤት ዕቃ ፋብሪካ አለ። ከሥራዎቹ መካከል እጅግ ከታወቁት አንዱ፥ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ስታርክ የነደፈውና በ1990 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የሎሚ መጭመቂያ ነው። ቁመቱ 29 ሳንቲሜትር ሲሆን በሦስት ቀጫጭን እግሮች ቆሞ ሲታይ ሸረሪት ይመስላል። ማጥለያ ስለሌለው የሎሚው ፍሬ ከጭማቂው ጋር ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። ይባስ ብሎ በ2000 ዓ.ም. በወርቅ የተለበጠ ዓይነት ወጣ፤ ወርቁን የሎሚ ውሃ ስለሚያበላሸው ሎሚ የማይጨመቅበት የሎሚ መጭመቂያ ሆነ ማለት ነው! በዚህ በኩል እኔም ከአያቴ ጋር ነኝ።

ሁለተኛው አሜሪካዊው አርክቴክት ማይክል ግሬቭስ በ1985 ዓ.ም. የነደፈው የውሃ ማፍያ ነው። ታቹ ሰፊ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላል። በአፉ ላይ አንዲት ቀይ ወፍ ተቀምጣለች፤ እንፋሎቱ ሲገፋት ታፏጫለች። ይህ ከሥራው ሳያጎድል የሚጫወት ዕቃ ነው። የእኛስ መሶብ እንጀራ ለመያዝ ያን ሁሉ ቀለም ይፈልጋልን?

ይህን ማፍያ ባለፈው ዓመት አክስቴ ከሚላኖ ይዛልን መጣች። ጊዜው ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ከሄደ ሁለተኛ ወሩ ነበርና፥ አባቴ በማዕድ ላይ አንዲት ቃል ሳይናገሩ በልተው ይነሡ ነበር። እናቴ ዕቃውን ለእንግዳ ከሚወጡት ሳህኖች ጋር ብፌ ውስጥ ልትቆልፍበት ስትል፥ አክስቴ ቀድማ ውሃ ሞልታ ጣደችው።

ወፏ ባፏጨች ጊዜ አያቴ ከመደባቸው ብድግ ብለው፥ «ማነው በማታ የሚያፏጨው? ያ ልጅ መጣ እንዴ?» አሉ። ማታ ማፏጨት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው፤ ወንድሜም በዚሁ ነገር ሲቆጡት ነው ያደገው። አባቴ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ኋላ ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። ወዲያውም የወንድሜን ስም ጠርተው፥ ልጅ ሳለ በፉጨት የቀሰቀሰውን የጎረቤት ውሻ ታሪክ እራቱ እስኪቀዘቅዝ አወጉን። ስሙን በማዕድ ላይ ሲያነሡ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር።

አባቴ ሻይ አይወዱም። አሁን ግን ማታ ማታ፥ «እስቲ ወፏን ጣዱልኝ» ይላሉ።