ያልተጣበቀችው እንጨት

ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ የገባሁት በ1978 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ዓመት ቼሎ ተምሬአለሁ። መሣሪያው አንድ፣ እኛ አራት ስለነበርን በቀን የሚደርሰኝ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። የክፍላችን ወለል ሊሾ ነውና የቼሎው የብረት እግር እየተንሸራተተ ያስቸግረናል። በኋላ አንዱ ጓደኛችን ከመርካቶ ያረጀ በረባሶ ይዞ መጣ። ጎማውን ቆርጠን፣ መሐሉን በምስማር በስተን የቼሎውን እግር ተከልንበት። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ዛሬም ተማሪዎቼ ከወንበራቸው ፊት የሚያነጥፉት እንዲሁ ያለ የጎማ ቁራጭ ነው።

ቤት ደግሞ ቼሎ ስለሌለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መጥረጊያ በጉልበቶቼ መሐል ይዤ አቀማመጡን እለማመድ ነበር። አንድ ቀን አያቴ ደረሰችብኝ። «ምነው ልጄ፣ ሴት ልጅ እንዲህ ትቀመጣለች?» አለችና ገላመጠችኝ። ግን አልከለከለችኝም፤ በሳምንቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ ሰፊ ጉርድ አሰፍታ ሰጠችኝ። ያንን ጉርድ ለብሼ ነው ሶፊያ የመጀመሪያ ትምህርቴን የተማርኩት። የመምህሬ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቼሎ ስትጫወት የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሏል። ፖርቱጋላዊቷ ጊልኸርሚና ሱጂያ ናት፤ ሠዓሊው ኦገስተስ ጆን። መምህሬ ጉርዴን አይተው ፈገግ አሉና፣ አውሮፓም ውስጥ ሴቶች ሁለቱን እግራቸውን ወደ አንድ ወገን ሰብስበው በጎን ይጫወቱ የነበረበት ዘመን እንደነበር ነገሩኝ። ለአያቴ በደብዳቤ ጻፍኩላት። ደብዳቤውን ለጎረቤት ሁሉ አስነብባዋለች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግራ እጄን ክሩ ላይ እንዳላሳርፍ ተከለከልኩ። ባዶውን ክር ብቻ፣ ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ። መምህሬ መዳፋቸውን ከክርኔ ሥር ያስቀምጡና ክብደቱ እስኪሰማቸው ይጠብቃሉ። ክንዴን ከተሸከምኩት «አሁንም አልሰጠሽውም» ይሉኛል፤ ክብደቱን ለክሩ ስጪው ማለታቸው ነው። ከዚያ የዶትሳወር መልመጃዎች መጡ፣ ከዶትሳወር በኋላ የፖፐር 40 መልመጃዎች። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጣት የሚያቆስሉ ናቸው፤ ጨረስኳቸው።

የማልረሳው ሦስተኛው ዓመት ላይ የሆነውን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ባኅ ተለማምጄ ስመጣ፣ መምህሬ ቼሎዬን ተቀበሉና አራቱንም መቃኛ አላሉት። ክሮቹ ሲረግቡ፣ ከሥራቸው ደግፎ የሚይዛቸው በርኩማ ዘመም ብሎ እጃቸው ላይ ወደቀ። ቼሎውን ወዘወዙት። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ኳ፣ ኳ አለ።

«ነፍሱ ወደቀች። መልሺለት» አሉኝ።

ቼሎ ውስጥ በፊቱና በጀርባው እንጨት መሐል የቆመች፣ ከትንሿ ጣት የማትወፍር ድቡልቡል የጥድ እንጨት አለች። በርኩማው ከላይ ባለ ቀጭኑ ክር በኩል ከሚረግጥበት ቦታ ጥቂት ወረድ ብላ ነው የምትቆመው። ሙጫ አልነካትም፤ ምስማር የላትም። የሚይዛት ከላይ የክሮቹ ጫና ብቻ ነው። የፊተኛውን እንጨት ንዝረት ለጀርባው የምታደርሰው እሷ ስለሆነች፣ ስትወድቅ ድምፁ እንደ ባዶ ጣሳ ይሆናል። ፈረንሳዮችም ጣሊያኖችም ስሟን ነፍስ ይሏታል፤ ሩሲያውያን ደግሞ ዱሽካ፣ ትንሿ ነፍስ።

ኤስ ቅርፅ ባለው ብረት ጫፍ ወግቼ፣ ፊቱ ላይ ባለው ጠባብ ቀዳዳ አስገብቼ ላቆማት ሞከርኩ። ትወድቃለች። ሁለቱ ጫፎቿ የቼሎውን ጉብታ ተከትለው በሰያፍ ተቆርጠዋል፤ ትንሽ ከዞረች አትገጥምም። ሲመሽ አልቅሼ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ጸጥ ብላ ቆመች። መምህሬ ክሮቹን ወጥረው ሰሙና ብረቱን ተቀብለው በግማሽ ሚሊ ሜትር ገፋ አደረጓት። የመጀመሪያው ድምፅ የታነቀ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ክፍሉን ሞላው። «አገርሽ ስትገቢ ይቺ ብትወድቅ ማን ያነሣልሻል?» አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ስለምመለስበት አገር አስቦ አስተምሮኝ አያውቅም ነበር።

ኅዳር 1 ቀን 1982 ዓ.ም. የቡልጋሪያው መሪ ቶዶር ዢቭኮቭ ከሥልጣን ወረዱ። የበርሊን ግንብ የተከፈተው ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ማደሪያችን ውስጥ ማንም እንቅልፍ አልወሰደውም፤ እኛ ኢትዮጵያውያኑ የነጻ ትምህርታችንና የአገራችን ነገር ነበር ያስጨነቀን። ከሳምንታት በኋላ መምህሬ አንድ የጀርመን ጋዜጣ አጥፈው በቦርሳቸው አመጡ። ቼሎ ተጫዋቹ ምስቲስላቭ ሮስትሮፖቪች ግንቡ ሥር ተውሶ ባገኘው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ባኅ ሲጫወት የሚያሳይ ፎቶ አለበት። በ1978 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ዜግነቱን ስለነጠቀችው፣ መምህሬ ስሙን ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን መስኮቱ ተከፍቶ ሳለ ጮክ ብለው ጠሩት። ከዚያ ወደ ትምህርታችን ተመለስን።

በ1984 ዓ.ም. ካዛንላክ በተባለችው የጽጌረዳ ከተማ የተሠራ ቼሎ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሶፊያ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ 2,350። እኔ አየሩን ለመድኩት፤ ቼሎው ግን አልለመደውም። ታኅሣሥ ላይ እንጨቱ ደርቆ ጎኑ ተከፈተ፣ መቃኛዎቹ ሌሊት እየተፈቱ አደሩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ አብጦ ድምፁ ይታፈናል። ቀዳዳ በበሳሁለት የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ከሣጥኑ ማስቀመጥ ጀመርኩ። የቆዳ ኮላ በጣሳ፣ ጣሳውን በውኃ ድስት ውስጥ፣ ድስቱን ከሰል ላይ አድርጌ ማቅለጥ ለመድኩ። ይህ ኮላ ሲያስፈልግ በሙቀትና በእርጥበት ይላቀቃል፤ ቼሎ በእሱ የሚጣበቀው ለዚሁ ነው። አንድ የማስተምርበት ቦታ የነበረውን ቼሎ ግን ሰው በነጭ የአናጺ ኮላ ጠግኖት አገኘሁት። ስንጥቁ እንደገና ሲከፈት እንጨቱን ይዞት ወጣ። ያንን ቼሎ ማዳን አልቻልኩም፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መድረኩን በተመለከተ፣ ቋሚ ኦርኬስትራም አብሮኝ የሚለማመድ ፒያኒስትም ስላልነበረኝ ባኅ ለቼሎ ብቻ በጻፋቸው ስድስት ስዊቶች ኖርኩ። ቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ ኖታቸውን ባርሴሎና ውስጥ ሲያገኝ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት 12 ዓመት ተለማምዷል። አንድ ምሽት ሁለተኛውን ስዊት ስጫወት፣ ሳራባንዱ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። በቃሌ ስለማውቀው ቀጠልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሻማ አበራ፣ ከዚያ ሌላው። ስጨርስ ከጭብጨባው በፊት የነበረውን ዝምታ የትም አላገኘሁትም።

ኑሮዬ ግን ማስተማር ነው። በዚህ አገር የደጋን ትምህርት አዲስ አይደለም። ፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ካይሮ ላይ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አስተምረው፣ ኋላ አዲስ አበባ መጥተው የክብር ዘበኛን ሙዚቀኞች መርተዋል። ከእነሱ ሁሉ በፊት ደግሞ ማሲንቆ ነበር። ማሲንቆ ከሚጫወት ቤተሰብ የመጣ አንድ ተማሪ አለኝ። ቼሎ እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፤ ልጁ የሜጀር ስኬል ስንጀምር ሦስተኛዋን ኖታ ሁሌ ይስታት ነበር። እያረምኩት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን «በል አንቺሆዬን ተጫወትልኝ» አልኩት። እነዚያ ጠባብ ርቀቶች፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው፣ አንድም ሳይዛነፉ ወጡ። ጆሮው ያለችግር ይሠራ ነበር፤ እኔ ነበርኩ ከማያውቀው በር ላስገባው የታገልኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ጀማሪ በቅኝቶቻችን እጀምራለሁ፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ። ሜጀሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ባለፈው ታኅሣሥ ይኸው ልጅ ቼሎውን እንደ ሕፃን አቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። አቧራውን ልጥረግ ብሎ አራቱንም ክር በአንድ ጊዜ ፈትቶታል።

«ቲቸር፣ ውስጡ ይንኳኳል። ገደልኩት መሰለኝ» አለኝ።

ከመሳቢያዬ መምህሬ የሰጡኝን ብረት አውጥቼ አቀበልኩት። የስልኩን መብራት በአንደኛው ቀዳዳ አበራሁለት፤ እሱ በሌላኛው ብረቱን አሾልኮ ይፈልጋት ጀመር። ወደቀች። አነሣት። ደግሞ ወደቀች። ውጪ አዛን ተሰማ፤ ቆይቶም የልጆች ከትምህርት ቤት መውጫ ጫጫታ። ቡናው ፈልቶ ቀረበልን፤ ቀና ብሎ አላየውም።

ሊመሽ ሲል እጁ ቆመ። ብረቱን በቀስታ ሳበው። በርኩማውን ተክለን ክሮቹን አንድ በአንድ ወጠርን። ደጋኑን አነሣና ወፍራሙን ክር፣ ዶውን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበው።

«ትንሽ ታንቋል» አለኝና ብረቱን መልሶ ለመነኝ።